አድራሻው የማይነገር ቤት፦ የባሕር ዳር የሴቶች መጠለያና ድጋፍ ሲመዘን

የመጠለያ በር የሚከፈተው በደብዳቤ ነው። ቁልፉ ከፖሊስ፣ ከሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ከዐቃቤ ሕግ የተጻፈች፣ ማህተም ያረፈባት አንድ ገጽ ወረቀት ናት። በባሕር ዳር የቤት ውስጥ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች የሚሰጠውን አገልግሎት ለመመዘን ከዚህች ወረቀት መነሳት ይሻላል። ውስጥ ያለው አልጋ የቱንም ያህል በደንብ የተነጠፈ ቢሆን፣ ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ልጅ አዝላ ከዓባይ ማዶ የወጣች ሴት እስከ ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ የሚጽፍላት ላታገኝ ትችላለች። ዱላ ደግሞ የቢሮ ሰዓት አያውቅም።

የመጠለያ ስምና ሰፈር እዚህ አይጻፍም። አድራሻው የታወቀ መጠለያ መጠለያነቱ አበቃ፤ ባሕር ዳር ደግሞ አንድ የባጃጅ ሾፌር ያየውን በር ሠፈሩ ሁሉ ለማወቅ ጊዜ የማይፈጅባት ከተማ ናት። የሚመዘነው ከመጀመሪያው የድረሱልኝ ጥሪ እስከ መውጫው ቀን ያለው መንገድ በሙሉ ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ የመንገዱ መካከል ደህና ነው፤ የሚያነክሰው መግቢያውና መውጫው ላይ ነው።

በሥራ ሰዓት ከሆነ መንገዱ አጭር ነው። ክፍለ ከተማው ወዳለው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ወዳለው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል መሄድ ነው። ጥሩ ደብዳቤ የሴቲቱን ስምና ዕድሜ፣ አብረዋት ያሉትን ልጆች ቁጥር፣ ጾታና ዕድሜ፣ የደረሰባትን ጉዳት ዓይነት፣ አጥቂው አሁን የት እንዳለ፣ መሣሪያ እንዳለው፣ መዝገብ ተከፍቶ እንደሆነም ይዞ ይወጣል። ልጆቹ ካልተጻፉ በር ላይ ችግር ይመጣል፤ በተለይ ወንድ ልጅ ካለ። ከተወሰነ ዕድሜ በላይ ያለ ወንድ ልጅ የማይቀበሉ መጠለያዎች አሉ፤ እናትየዋ ይህን የምትሰማው በሩ ላይ ከሆነ ልጇን ጥላ ከምትገባ ወደ ባሏ መመለሱን ትመርጣለች። ስለዚህ ደብዳቤው ሳይታተም በስልክ መጠየቅ ነው።

ከዚያ ደግሞ የግልባጭ ነገር አለ። የመሥሪያ ቤት ልማድ ሆኖ ማንኛውም ደብዳቤ ግርጌው ላይ «ግልባጭ» ብሎ ሦስት አራት ቢሮ ይደረድራል። ለቀበሌ የተላከች አንዲት ግልባጭ የመጠለያውን ስም ይዛ ጠረጴዛ ላይ ትውላለች፤ ቀበሌው ውስጥ ደግሞ የባልየው ዘመድ ወይም አበልጅ አይጠፋም። ደብዳቤ የሚጽፍ ባለሙያ ግልባጩን መተው፣ ወረቀቱንም ለሴቲቱ ሳያስይዝ ራሱ ይዞ እሷን ማድረስ አለበት። ይህን የሚያደርግ ቢሮ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።

በዚህ ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚበላው ግን ሽምግልናው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ሽማግሌ አላያችሁም ወይ?» ይሆናል፤ ቀጥሎ የንስሐ አባቷ ይጠራሉ፤ ቀጠሮው ከጾም ወደ ፋሲካ፣ ከፋሲካ ወደ ሰኔ ይሻገራል። እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ መታወቅ አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት አንሥቶ ለቅጣቱ ወደ አካል ጉዳት አንቀጾች ይመራል። ቀላል የአካል ጉዳት፣ ማለትም አንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1፣ በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ነው፤ የግል አቤቱታ ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። እርቁ ሳይፈርስ ሦስቱ ወር ካለፈ ክሱ ያልቃል። በከባድ ጉዳት፣ በአንቀጽ 555፣ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፤ አቤቱታውን መተውም ክሱን አያስቀረውም። ስለዚህ ሴቲቱ እርቁን ብትፈልገው እንኳ አቤቱታዋን አስቀድማ አስመዝግባ ቁጥሩን መያዝ ትችላለች። የተመዘገበ አቤቱታ እርቅን አይከለክልም፤ ሽማግሌዎቹንም ቶሎ ቶሎ ያስቀምጣቸዋል።

ማታ ከሆነስ? ደብዳቤ የማይጠይቅ፣ ሌሊቱንም የማይዘጋ በር የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ብቻ ነው። የፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ከማደር ድንገተኛ ክፍል ገብቶ መታከም፣ ጠዋት የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛ ማግኘትና ደብዳቤውን ከዚያ ማስጀመር ይሻላል። በከተማዋ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የተጠቂዎች የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይገኛል። የአንድ ማዕከል ሐሳቡ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ሴቲቱ ታሪኳን አራት ጊዜ እንዳትደግም ማድረግ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ከአራቱ አንዱ ወንበር ባዶ በሆነ ቀን ግን ሰንሰለቱ ይቆምና «ነገ ተመለሺ» ይመጣል። በስልክ የሕግ ምክር ለሚፈልግ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ7711 ነጻ መስመር አለው፤ ማኅበሩ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው።

ወሲባዊ ጥቃት ካለበት ሰዓቱ ይቆጠራል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይዋጣል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ፣ በተለምዶ ፖስት ፒል የሚባለው፣ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ ኃይሉ ግን በየሰዓቱ ይቀንሳል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከጥቃቱ ጀምሮ ነው። ከደቅ ደሴት ጀልባ ጠብቃ የምትመጣ ሴት ወደብ ስትደርስ ግማሹ ሊያልቅባት ይችላል፤ ስለዚህ የቅርቡ ጤና ጣቢያ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥቶ ቢልካት እንጂ «ባሕር ዳር ይታይሽ» ብሎ ባዶ እጇን ባይሸኛት ይመረጣል። በዚህ አገልግሎት በብዛት የሚበላሸው መጀመሪያው አይደለም፤ ከዐሥረኛው ቀን በኋላ ያለው ነው። ማቅለሽለሹ ይመጣል፣ ሴቲቱ ወደ ዘመድ ቤት ትዛወራለች፣ ክኒኑ ይቀራል። ጥሩ ማዕከል የ28 ቀኑን መድኃኒት ሲሰጥ የሚደውልበትን ቁጥርና አስተማማኝ ሰዓቱን ጠይቆ ይጽፋል፤ የክትትል ምርመራውንም፣ የስድስተኛውን ሳምንትና የሦስተኛውን ወር፣ ቀኑን ቆርጦ ይሰጣል። ከመድፈር ለመጣ እርግዝና የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 552 መሠረት የሴቲቱ ቃል በቂ ነው። «መጀመሪያ የፖሊስ ማስረጃ አምጪ» የሚል ሠራተኛ ሕጉን አላነበበም ማለት ነው።

እዚህ ላይ መራራ ሐቅ አለ። የመድፈር አንቀጽ፣ 620፣ የሚናገረው ከጋብቻ ውጭ ስለሚፈጸመው ነው። ባል ያደረሰው በዚህ አንቀጽ አይከሰስም። ሕክምናው ግን ጋብቻ አይጠይቅም፤ መድኃኒቱም ምርመራውም ለሚስትም እኩል ነው። ክሱ ደግሞ ከመድፈሩ ጋር በደረሰው ድብደባ ይቀርባል።

የሕክምና ማስረጃው ዓይነት ክሱን ያቆማል ወይም ይጥላል። «ተደብድባ መጥታ ታክማ ተመልሳለች» የሚል ወረቀት ለዐቃቤ ሕግ ምንም አይጠቅምም። «በግራ ዓይኗ ሥር 3 በ2 ሴንቲ ሜትር ሐምራዊ እብጠት፣ በአንገቷ በሁለቱም ጎን የጣት ቅርጽ ያለው ሰንበር፣ ድምጿ የሻከረ፣ ስትውጥ የሚያማት» የሚል ወረቀት ደግሞ ብቻውን ይመሰክራል። ቦታ፣ መጠን፣ ቀለም፣ የተመረመረችበት ቀንና ሰዓት፤ እነዚህ አራቱ ካሉበት ጥሩ ነው። ሰንበር በጠይም ቆዳ ላይ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ተመልሳ እንድትታይ የሚቀጥር ሐኪም ሥራውን ያውቃል። የለበሰችው ልብስ ለማስረጃ ከተፈለገ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል ውስጥ ከገባ እርጥበቱ ታፍኖ ይሻግታል። የካርድ ቁጥሯን ሴቲቱ ራሷ ጽፋ ብትይዝ ከስድስት ወር በኋላ ማስረጃው ጠፋ ሲባል ከመዝገብ ቤት ማስወጣት ይቻላል።

አንገት መታነቅ ለብቻው ይነገር። «አነቀኝ ግን ተውኝ፣ ደህና ነኝ» የምትል ሴት በውጭ ምንም ላይታይባት ይችላል። የድምፅ መሻከር፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ዓይን ነጩ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ፣ ራስን ስቶ ሽንት ማምለጥ ካለ ለክትትል መተኛት አለባት፤ ከአንገቷ የደም ሥር ጉዳት የሚመጣ አደጋ ከቀናት በኋላም ሊከሰት ይችላል። አንዴ ያነቀ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ የመግደል ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። መጠለያ ሲገቡ የሚሞላው ቅጽ «አንቋት ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ከሌለው ቅጹ ጎደሎ ነው።

መጠለያው ውስጥ ገብተን ስናይ አብዛኛው ነገር ያስመሰግናል። ጥሩው መጠለያ በመጀመሪያው ሌሊት ቃል አይቀበልም፤ ውሃ አሙቆ፣ እንጀራ በሽሮ አቅርቦ፣ ልብስ ቀይሮ ያስተኛል፤ ዝርዝሩ በሁለተኛው ቀን ነው። አልጋው ላይ አጎበር መኖሩን ማየት ነው፤ ጣና ዳር ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ ወባው ይበረታልና አጎበር የሌለው አልጋ አልጋ አይባልም። እያንዳንዷ ሴት የምትቆልፍበት ትንሽ ሣጥንና ቁልፍ ካላት እሰየው። ሁሉ ነገር በተቀማባት ሰው እጅ ላይ አንዲት ቁልፍ ማየት፣ ከግድግዳው የምክር ጥቅስ ሁሉ ይበልጣል።

ወጥ ቤቱ የቤቱ መለኪያ ነው። ሴቶቹ በተራ የሚጋግሩበት፣ ጾመኛዋም ልጅ የምታጠባዋም የየራሷን የምታገኝበት ከሆነ ቤቱ ተረጋግቷል ማለት ነው። ተራው ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ግን ጠብ አይቀርም፤ ከገጠር የመጣችው ዝም ብላ የሁሉን ትሠራለች፣ ሌላዋ ትቀመጣለች። የከሰዓቱ ቡና ደግሞ አማካሪዋ ሳታስበው የተሻለው የቡድን ምክር ነው፤ ሁለተኛው ላይ የማይወራ ነገር ሦስተኛው ላይ ይወራል። ያንን ሰዓት በሥልጠና የሚሞሉ ቤቶች አጉል ይሠራሉ። ለልጆቹ የሚሆን ግን በብዛት ይጎድላል። ስለ እናትየዋ ሦስት ቅጽ ሲሞላ፣ ሌሊት እየጮኸ ስለሚነሣው የሰባት ዓመት ልጅ አንድ መስመር አይጻፍም።

ስልክ ትልቁ ቀዳዳ ነው። ሴቲቱ መጠለያ ገብታ ስልኳን ብታጠፋው እንኳ፣ ሲም ካርዱ በባሏ ስም ከተመዘገበ እሱ ቴሌ ሄዶ ምትክ ሊያወጣበት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ለእሷ የሚላክ የሚስጥር ኮድ ሁሉ ለእሱ ነው የሚመጣው። የባንክ መልእክት በእሱ ቁጥር ከተመዘገበ ከባሕር ዳር ቅርንጫፍ ያወጣችው ሁለት መቶ ብር በደቂቃ ውስጥ የት እንዳለች ይነግረዋል። መግቢያው ላይ መሠራት ያለበት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ አዲስ ሲም በራሷ ስም፣ ባንክ ሄዶ የመልእክት ቁጥሩን ማስቀየር፣ የቴሌብርን የሚስጥር ቁጥር መለወጥ፣ የጎግል አካውንቱ ሌላ ስልክ ላይ ተከፍቶ እንደሆነ አይቶ ማስወጣት፣ በመጨረሻም የስልኩን ቦታ ጠቋሚ ማጥፋት። ስልኳን ነጥቆ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ግን መፍትሔ አይደለም፤ እናቷ ጋ እንዳትደውል የተከለከለች ሴት ባሏ ቤት የነበረውን እዚህም አገኘችው ማለት ነው።

የሕግ ድጋፉ በባሕር ዳር ከሌሎች ብዙ ከተሞች ይሻላል። የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት፤ አቤቱታ ይጽፋሉ። ከፍለው መክሰስ ለማይችሉ በድኃ ደንብ የመክሰስ መንገድም አለ። ራሱን የቻለ የጥበቃ ትእዛዝ ሕግ ስለሌለን ግን ጠበቃው ብልሃት ያስፈልገዋል። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል፤ አብረው መኖር ካልቻሉም ከቤቱ ማን ይውጣ የሚለውን እንዲወስን እንዲሁ። በአማራ ክልል የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የጸደቀው የቤተሰብ ሕግ ነው። አቤቱታው ላይ ይህን ጥያቄ ሳያካትቱ «ፍቺ ይወሰንልኝ» ብቻ ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ ወራት ያለ ቀለብ ያልፋሉ። በወንጀሉ በኩል ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ዋስትናም በብዛት ይፈቀዳል። ዐቃቤ ሕጉ «እሷ ወዳለችበት እንዳይደርስ» የሚል ግዴታ በዋስትናው ላይ እንዲጨመር እንዲጠይቅ አስቀድሞ ማሳሰብ፣ የተለቀቀበትንም ቀን ለመጠለያው ማሳወቅ ግድ ነው።

ለመጥሪያ የሚጻፈው አድራሻ የጠበቃው ወይም የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ ይሁን። ማመልከቻው ላይ የመጠለያው ሰፈር ከተጻፈ፣ ቅጂው ለባልየው እንደሚደርስ የሚዘነጋ ሰው አይጠፋም።

ከመራዊ፣ ከሐሙሲት ወይም ከዘጌ በኩል የምትመጣ የገጠር ሴት ጉዳይ ይለያል፤ ንብረቷ መሬት ነውና። በክልላችን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ፤ ቤት ትታ በመውጣቷ ብቻ መሬቱ የእሱ አይሆንም። ይህን የሚያስረዳት ሰው ካላገኘች «መሬቴ ይቀራል» ብላ በሳምንቱ ትመለሳለች። ደብተሩ እሱ እጅ ቢቀር የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ስላለው ማረጋገጫ ማስጻፍ ይቻላል። በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ግን ቀጠሮ ያልፋል፤ መዝገቡ «ከሳሽ ስላልቀረበች» ተብሎ እንዳይዘጋ ጠበቃው ምክንያቱን አስቀድሞ በጽሑፍ ያስገባ።

መውጫው ደካማ ነው ያልነው በዚህ ነው። የልብስ ስፌትና የፀጉር ሥራ ሥልጠና የተለመደ ሆኗል፤ ሴቲቱ ሰርተፊኬት ይዛ ትወጣለች፣ የስፌት መኪና የላትም፣ ደንበኛም የላትም። ለሆቴልና ለምግብ ቤት እንጀራ ጋግሮ ማስረከብ በባሕር ዳር ገበያ አለው፤ ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይጎትታል፤ የጋራ ቆጣሪ ያለው አከራይ ይህን ሲሰማ ወይ ይከለክላል ወይ ኪራይ ይጨምራል። ምጣድ ገዝቶ የሚሸኝ ድርጅት የምጣዱን ዋጋ ያስባል፤ ቆጣሪውን አያስብም። ቤት ሲፈለግ ለብቻው ቆጣሪ ያለውን መፈለግ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ ከፍሎ ማስያዝ፣ ከዚያ ምጣዱን መግዛት፤ ቅደም ተከተሉ ቢዞር ምጣዱ በሁለተኛው ወር ይሸጣል።

የልጆቹ ትምህርት ቤት መሸኛም አለ። የቀድሞው ትምህርት ቤት መሸኛ ሲጽፍ የሚዛወሩበትን ትምህርት ቤት ስም ይጠይቃል፤ አባት ደግሞ በማግስቱ ርእሰ መምህሩን ጠይቆ ያገኘዋል። መሸኛው በሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በኩል እንዲጠየቅና የተቀባዩ ትምህርት ቤት ስም ክፍት እንዲተው ማድረግ ይቻላል፤ የሚያደርገው ግን ቀድሞ ያሰበበት መጠለያ ብቻ ነው። የቀበሌ መታወቂያ ዝውውርም እንዲሁ ነው፦ መልቀቂያው ላይ የሚሄዱበት ቀበሌ ይጻፋል።

ወደ መጠለያ የሚልክ ባለሙያ ሁሉ ከመላኩ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ወደ ባሏ ተመልሳ ድጋሚ ብትመጣ ትቀበሏታላችሁ? «አንዴ ወጥታለች» የሚሉ አሉ። በሩን ለሁለተኛም ለሦስተኛም ጊዜ የሚከፍቱ፣ ይህንንም በመተዳደሪያ ደንባቸው ጽፈው ስትገባ የሚያነብቡላት ደግሞ አሉ። ወደ ሁለተኛዎቹ ላኩ።